ሽባባው የሚባለው የገል ጨዋታ

በሰንበል ጎራ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ሰው ከቤት ሲታጎር ሽማግሌ ከልጅ፣ ካህን ከጨዋ ሳይለይ ቁርበት ዘርግቶ የሚጫወተው የገል ጨዋታ ስሙ «ሽባባው» ይባላል፤ ሽባባው ላቀ ማለት ደግሞ የገዛ እህቱን እንጉዳይ ላቀን የበደለ ሰው ነው። የሱ ዘሮች ዛሬ ሠርግም ለቅሶም ላይ በተቀመጡበት «ጨዋታው በአያታችን ስም የተጠራው እሱ ስላወጣው ነው» እያሉ ይኩራራሉ። ስም መጠራት ክብር ከሆነ ችፌም ስም አላት። ሽባባው ይህን ጨዋታ አላወጣውም፤ ተሸነፈበት እንጂ። እንዴት እንደተሸነፈ ከእንጉዳይ ወገን ያሉ ሽማግሌዎች ሲናገሩት የኖረ ነው፤ ከሽባባው ወገን ያሉትም ያውቁታል፤ አንድ ሁለት ብርሌ ከጠጡ በኋላ ይናገሩታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አስቀድሞ ይነገር። ገሉ ከተሰበረ ጋን ወይም እንስራ ይለቀምና መዳፍ በሚያህል ልክ ተሰብሮ፣ አራት ጠርዝ እስኪያወጣ ድረስ ሻካራ ድንጋይ ላይ ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ፊቱ ይቀባል። ቀለሙ ያገራችን የመሬት ቀለም ነው፤ ቀይ፣ እንደ ዋልካ ጥቁር፣ ዳለቻና ነጭ። አብዛኛው ገል ግማሹ አንድ ቀለም፣ ግማሹ ሌላ ነው፤ ድፍኑም አለ። ሁሉም ተደባልቆ ስልቻ ውስጥ ይገባል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ጥቁሩን፣ አንዱ ዳለቻውን ይይዛል፤ ነጩ የማንም አይደለም። የመጀመሪያውን ገል የምትጥለው ሴት ናት፤ ሴት ከሌለች እስክትመጣ ይጠበቃል፤ ይህን ደንብ የሚዘል ቤት ካያችሁ የሽባባው ዘር ቤት ነው። ከዚያ ሁሉም በተራው ሳያይ እጁን ወደ ስልቻው ይሰድና የወጣለትን ቀድሞ ከተነጠፈው ጎን ይገጥማል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ዳለቻም ከዳለቻ ካልነካ አይነጠፍም። ነጭ ግን ከሁሉም ይነካል፤ ራሱ ባይቆጠርም በሁለት ቀይ መካከል ከገባ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የሌላውን መንገድ መዝጋትም ያውቃል። ቦታ ያጣ ገል በባለቤቱ ፊት ይደፋል፤ ሳይታረስ እንደቀረ መሬት «ጦም አደረ» ይባልና ከድምሩ ይቀነሳል። የተነጠፈ አይነሳም። ስልቻው ባዶ ሲሆን እያንዳንዱ ከቀለሙ ሳይቋረጥ የተያያዘውን ትልቁን ብቻ ይቆጥራል፤ እዚህም እዚያም የተበተነው የቱንም ያህል ቢበዛ መንገድ ላይ እንደፈሰሰ ጤፍ ነው፣ ማንም አይለቅመውም።

ከተማ የገቡት ልጆቻችን ገሉን በካርቶን ተክተው፣ ነጩንም «ለማን ይጠቅማል» ብለው ጥለው ይጫወታሉ አሉ። ይጫወቱ። ነጭ የሌለበት ሽባባው ታቦት ያልወጣበት ጥምቀት ነው፤ ግርግሩ አለ፣ ነገሩ የለም።

እንደሚነገረው ላቀ የሚባለው ሰው የሰንበል ጎራ ባለርስት ነበር። ዘመኑን በውል የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ አንበጣ አገሩን ከበላበት ዘመን በፊት ነው ይላል፣ አንዳንዱ በኋላ፤ የሽባባው ዘሮች ደግሞ ንጉሥ እየጠሩ ያወራሉ፣ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ጎራው ያኔም እንዳሁኑ ነው፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ቀይ አፈር፣ ከወገቡ ዳለቻ፣ ከግርጌው ጥቁር ዋልካ፤ ከራሱ እስከ ግርጌው ደግሞ እንደ ውሻ ምላስ የተዘረጋ ነጭ ጭንጫ ጎራውን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ ይከፍለዋል። ጭንጫው ከእንሽላሊት በቀር ያበቀለው ነገር የለም። ከጎራው ሥር የጥንጥን ወንዝ ያልፋል፤ በምሥራቅ በኩል ገደል ስለሆነ ከብት ወደ ውሃው የሚወርደው በምዕራብ ብቻ ነው።

ላቀ በግንቦት ሞተ ይባላል። ሽባባው ከፊተኛዋ ሚስቱ የተወለደ የበኩር ልጁ ነበር፤ እንጉዳይና ታናሽ ወንድሟ ጫኔ ከኋለኛዋ ናቸው። የላቀ እህት ማንአህሎሽም ከርስቱ ድርሻ ነበራት። እንጉዳይ ቆላ አግብታ ኖራ አባቷ በሞተ ጊዜ ጓዟን ጠቅልላ ተመለሰች፤ ባሏ ሞቶባት ነው የሚሉ አሉ፣ ሌሎች ደግሞ ጠላዋን በሰው ፊት ስለነቀፈባት ፈትታው መጣች ይላሉ። እኔ የጠላውን አምናለሁ፤ የወገናችንን ሴት የሚያውቅ ሁሉ ያምናል። መጥታም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከጭንጫው ራስ ላይ ባለው በእናቷ ቤት ገባችና ድርሻዬን አለች።

ሴት ልጅ ካባቷ ርስት እንደ ወንድሟ ትካፈላለችና ሽባባው ሊከለክላት አልቻለም። የማካፈሉ ሹመት ግን የበኩሩ ነው፤ ያባት አለቃ ይሉታል። ያገራችን ደንብ ደግሞ ቀዩም ለብቻ፣ ዳለቻውም ለብቻ፣ ጥቁሩም ለብቻ ተሸንሽኖ በዕጣ እንዲወጣ ነው፤ አንዱ ለሙን አንዱ ጠፉን ጠቅልሎ እንዳይወስድ። ወራሾቹ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ፋንድያ እየያዙ ለመንገደኛ ይሰጡታል፤ መንገደኛው የማን የቱ እንደሆነ ሳያውቅ በየሽንሽኑ ላይ እየጣለ ያልፋል። ያን ቀን ዱላ ይዞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ውሃ ጠማኝ እያለ የመጣው መንገደኛ የሽባባው ሚስት ወንድም ነበር ይባላል። እንጉዳይ የቆላ ኗሪ ስለነበረች አላወቀችውም፤ ያወቁት ደግሞ ሽባባውን ፈርተው ዝም አሉ። ከዘር ዘር የሚወርድ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ዝም ማለት ነው፤ መሬቱ ያልቃል፣ እሱ አያልቅም።

ዕጣው አልቆ ሲታይ የእንጉዳይ ቀይ ከቀዩ መሐል፣ ዳለቻዋም ከዳለቻው መሐል፣ ጥቁሯም ከጥቁሩ መሐል ወደቀ፤ ሁሉም መንገድ በሚያወጣው በኩል ሁሉ በሽባባው ማሳ ታጠረ። የጫኔና የማንአህሎሽም ቢሆን ተበታትኖ ነበር፣ እነሱ ግን መግቢያ አላጡም። ዝናቡ እንደጣለ ሽባባው ከሁሉ ቀድሞ ዳር ዳሩን ዘራው። በተዘራ ማሳ ላይ ደግሞ በሬ አይነዳም። እንጉዳይ በሬ አላት፣ ዘር አላት፣ መሬት አላት፣ መድረሻ ግን የላትም። በሰንበል ጎራ ሁለት ክረምት ጦም ያደረ መሬት ወደ ያባት አለቃው እጅ ይመለሳል፤ የመሬቱ ባለቤት የነበረውም ከአለቃው ደጅ ለምኖ ያድራል። ሽባባው የሚጠብቀው ይህን ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ጦም አለፈ።

እንጉዳይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሽማግሌዎቹ ፊት አቆመችው። ሽባባው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መጣ ይባላል፤ ነገር ሲያደርግ የሚከናነብ ሰው ዛሬም በዘሩ አለ። ዕጣ የእግዜር ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ብሎ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻም ቸር ለመምሰል፣ «በዕጣ የተነጠፈ አይነሳም። መለዋወጥ የወደደ ግን አፈር በአፈሩ ይለዋወጥ፣ የሰጠም ይስጥ፤ የተሰጠም እንደ ዕጣው ነው፣ አይነሳም» አለ። ማንም እሱን ፈርቶ ከሷ ጋር እንደማይለዋወጥ ያውቃልና ነው። የደብሩ ቄስ መምሬ ተድባብም ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዘቱበት።

እንጉዳይ ቤቷ ገብታ ያገኘችውን ነገር ሠራች። ከቆላ ድረስ በበቅሎ ያስመጣችው ትልቅ ጋን ነበራት፤ ያ የተነቀፈው ጠላ የተጠመቀበት ነው ይባላል። እሱን ሰበረችው። ለእያንዳንዱ ሽንሽን አንድ ገል ፈገፈገች፣ ከየመሬቱ አፈር አምጥታ ቀባች፣ የሽባባውን በጥፍሯ ቧጨረችው፣ ጭንጫውንም በነጭ አፈር አደረገችውና ጎራውን እንዳለ ከወለሏ ላይ አነጠፈችው። የበልጉ ዝናብ ከበላይዋ እየፈሰሰ፣ እሷ አንዱን ገል ከዚህ አንስታ እዚያ እየገጠመች፣ አልሆን ሲላት እየመለሰች ቀኑን ታሳልፈው ጀመር።

ወሬው ለሽባባው ደረሰ። እሱም በየደረሰበት «እህቴ ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች» እያለ ያስቅባት ነበር። ነይ አሳዪኝ አላለም፣ ሄዶም አላየም፤ ባለርስት ጎንበስ ብሎ የሴት ወለል አያይም አለ። ደግ አደረገ። አይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም።

ጫኔ ግን መጣ። ጫኔ ሰነፍ ነበር፤ ይህን የራሱ ልጆችም አይክዱትም። በሬዎቹን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲነዳ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰው ነው። ከበሩ ቆሞ ዝናቡን እያራገፈ፣

«እቴ፣ ሰው አብደሻል ይላል» አላት።

«ሰው ምን ያውቃል። ቁጭ በልና ማሳህን አሳየኝ።»

ተቀመጠ። የራሱን ጥቁር ከወዲያ ዳር፣ ሌላውን ጥቁሩን ከወዲህ ዳር አየው። እንጉዳይ በመካከሉ ያለውን የራሷን ጥቁር ከወዲያኛው የሱ ጥቁር ጋር ገጥማ ለሱ አደረገችው፤ ከወዲህ፣ ከጭንጫው ጎን ያለውን የሱን ደግሞ ለራሷ ወሰደችው። ከጭንጫው ጎን ያለው ቀጭን ነው፣ ድንጋይም ይበዛበታል፣ እሱ ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሱ ጥቁር አንድ ላይ ሆነ፣ ከማሳ ማሳ መመላለሱ ቀረለት። 

«ታዲያ ይኼ ሰውዬ ሆን ብሎ ነው የበታተነን?» አለ።

«አሁን ገና ነቃህ?» አለችው።

ስንፍና ከፍርሃት ይበረታል፤ ጫኔ በማግስቱ ሽማግሌ ይዞ መጣና ጥቁር በጥቁር ተለዋወጡ። ማንአህሎሽ ደግሞ የሽባባው ፍየሎች ቀይ ማሳዋን እየገቡ ስላስቸገሯት ከፍየሎቹ የሚያርቃትን ቦታ ስትሻ የኖረች ናት፤ እሷም መጥታ ወለሉን አየች፣ ገሉን በገዛ እጇ ገፋች፣ ቀይ በቀይ፣ ዳለቻም በዳለቻ ተለዋወጠች። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ካለ ሥራቸው እየመጡ ይጫወቱ ጀመር፤ አንዷ ቀዩን፣ አንዱ ጥቁሩን እየያዙ፣ ማን ይበልጥ አያያዘ እየተባባሉ ሲከራከሩ ጎረቤቱ ሁሉ ዝናብ መሸሻ እያለ ይገባ ነበር ይባላል። ጨዋታው የተያዘው ያን ጊዜ ነው። ሽባባው ስለ ልዋጩ ሲነገረው ሳቀ፤ ጥሩውን ሰጥታ ጭንጫ ዳር ያለውን ለቀመች፣ ሞኝ ናት አለ።

እውነትም አሁን የእንጉዳይ ሦስቱም መሬት ከጭንጫው ምዕራብ ጫፍ ተደርድረዋል፤ ቀዩ ከላይ፣ ዳለቻው ከመካከል፣ ጥቁሩም ከታች፣ ከብቱ ወደ ወንዝ ከሚወርድበት አጠገብ። ግን በየመካከላቸው የሽባባው ማሳ አለ፤ ያላንዱ አንዱ ጋ አይደረስም። የሚያገናኛቸው ነጩ ብቻ ነበር። ነጩ ደግሞ የሽባባው ነው፤ የማይታረስ ስለሆነ ዕጣ አልወጣበትም፣ ዕጣ ያልወጣበት ሁሉ ለያባት አለቃው ይቀራል። ከብቱ ሁሌ የሚረግጠው ስለሆነ መሬት ነው ብሎ ያሰበው ማንም አልነበረም። ሰው የሚረግጠውን አያይም፤ ይልቁንም ሽባባው።

ግንቦት መጣና የላቀ ሙት ዓመት ሆነ። ዳሱ ተጣለ፣ ካህናቱ ተቀመጡ፣ ሽባባውም ከፊት ሆኖ ሥጋው በሱ ትእዛዝ ሲቆረጥ ያይ ነበር። ዝናቡ ሊጥል ነው፤ ሁለተኛው ክረምት ጦም ካለፈ የእንጉዳይ ነገር እንዳለቀ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። እሷም ተነሥታ ከዳሱ መሐል ቆመችና ቀዩን ማሳዬን ውሰድና መውረጃው አጠገብ ያለውን ጥቁርህን ስጠኝ አለችው። ሽባባው ደስ አለው። አፈር በአፈሩ ነው የተባለው፣ ግዝቱን ልታስፈርሺኝ ነው ወይ፣ እያለ በካህናቱ ፊት ረጅም ተግሣጽ ሰጣት፤ ሰው በሰው ፊት መገሠጽ እንደ ማር ይጥመው ነበር። እንጉዳይ አንገቷን ደፍታ አስጨረሰችው። ከዚያ፣

«እንግዲያው የማታርሰውን ቁራሽ ስጠኝ፣ አያ። ያባቴ ሙት ዓመት ነው፤ በሰው ፊት ባዶ እጄን አትሸኘኝ» አለችው።

«ጭንጫውን ውሰጂ» አለ ሽባባው። «ከራሱ እስከ ግርጌው ያንቺ ነው። ድንጋይ ፈጭተሽ ብዪ።»

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። እንጉዳይ ሄዳ ጉልበቱን ሳመች። እኔ ብሆን አልስምም ነበር፤ ለዚህ ነው እኔ ጭንጫ የሌለኝ። ከዚያ ወደ መምሬ ተድባብ ዞራ፣ አባቴ፣ የገዘታችሁትን ድገሙልኝ አለች። እሳቸውም የተሰጠ እንደ ዕጣው ነው፣ አይነሳም፣ ያነሳ ውጉዝ ይሁን ብለው ደገሙት፤ ሽባባውም በኩራት «አሜን» አለ። ሞኝ የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሱ ሞኝነት ግን ከዚህም ያለፈ ነበርና የያዘውን ለቀቀ።

አሁንም ሳቁ አላባራም፤ ነገር ግን አሁን የምትስቀው ማንአህሎሽ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትንፈራገጥ ትስቅ ነበር። ሽባባው ምን ያስቅሻል ቢላት፣

«ልጄ፣ ነገ ከብትህ በየት ይወርዳል?» አለችው።

ሽባባው ቤቱም ግጦሹም ከጭንጫው ምሥራቅ ነው። ወንዙ በምሥራቅ ገደል ነው። መውረጃው በምዕራብ ነው። ይህን ሁሉ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አንድ ላይ ግን አይቶት አያውቅም። ፊቱ ሲለዋወጥ ሰው ሁሉ አየ ይላሉ። ጭንጫ መሬት አይደለም፣ ቀልዴን ነው፣ አለ። መምሬ ተድባብም አሜን ያልከው በቀልድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ታዲያ ላሞቼ ምን ይጠጡ፣ ቢል ጫኔ ከዳሱ ጥግ ሥጋውን እያኘከ፣

«አያ፣ ድንጋይ ይላሱ» አለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በገል ጨዋታ ላይ ቀለሙ የተቆረጠበትን ሰው «ሽባባው ሆንክ» ይሉት ጀመር፤ ስሙም ከተሸናፊው ወደ ጨዋታው አለፈ። የአያታቸው ክብር ይህ ነው፤ ይኩራሩበት።

በማግስቱ ጠዋት አገሩ ሁሉ እሾህ ታጥራለች ብሎ ጠበቀ፤ ሽባባውም ይህንኑ ጠብቆ ከብቱን ከፊት ነድቶ፣ ጋሻና ጦሩን ይዞ ወረደ። እሷ ግን አላጠረችም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከጭንጫው ድንጋይ እያነሣች፣ ከብቱ በሚሻገርበት ላይ ግራና ቀኝ ክባ፣ በመካከሉ አንዲት ላም ብቻ የምታልፍበት በር ትታ ነበር። ያ ካብ እሷ ካረፈችም በኋላ በልጆቿ እጅ ረዝሞ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ግርጌው ይታያል፤ በሩንም ያንድ ላም በር ይሉታል፤ የሽባባው ዘሮች ትራክተር ተከራይተው የሚያርሱ ሰዎች ሆነው እንኳ ከብታቸውን በዚያ በር አንድ ባንድ እያሳለፉ ከኋላ ቆመው ፍግ ያሸታሉ።

ሽባባው ሲደርስ እንጉዳይ በሩ ላይ ቆማ ነበር ይባላል። አልሰደበችውም። እጇን ዘርግታ ፊተኛዋን ላም አቆመችና ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ በሬዎቿን ከላይ ይዞ ለሚመጣው ለጫኔ መንገድ ለቀቀች፤ በሬዎቿም ጭንጫውን ይዘው በላሞቹ ፊት አልፈው ወደ ዳለቻው ገቡ፣ እዚያው ተጠመዱ፤ እሷም የመጀመሪያው ትልም ከዳር ዳር ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እጇን አላወረደችም።